የባለ ሹሩባው ሦስት መቶኛ ዓመት

ስለ ክላሲካል ሙዚቃ የማውቀው ሁሉ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። ቢሆንም ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለተወለደ አንድ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ሰው ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር መዳፌን ላብ ላብ ይለዋል። ስሙን እናንተም ታውቁት ይሆናል። እኔ ግን እዚህ የምጠራው የመተማ ሰው ሥዕሉን አይቶ ባወጣለት ስም ነው፤ ባለ ሹሩባው።

ጊዜው መጋቢት 1977 ዓ.ም. ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከጎንደር ተመድቤ መተማ ዮሐንስ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ፈሪ ነበርኩ። በስብሰባ ላይ ከሰው ቀድሜ ማጨብጨብ የምጀምር፣ ሰው ሁሉ ሳያቆም የማላቆም ዓይነት። በዚህ አመሌ ባልደረቦቼ ይስቁብኝ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ አመሌን ግን አልተውኩም።

እንግዲህ ይቺ ፈሪ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ታናሽ ወንድሟን ከሸሸገች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። አንተነህ ከብሔራዊ ውትድርና ማሰልጠኛ ጠፍቶ ነው የመጣው። ከጎንደር መተማ ድረስ እንዴት እንደደረሰ አልጠየቅሁትም፤ እግሩን አይቼ ተረዳሁት። ሱዳን ከደጃችን ናት፤ ማዶ ገላባት ውስጥ አህያ ሲያናፋ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። በመካከላችን ያለው የደረቀ ወንዝ ብቻ ነው። ግን ወንዙ ይጠበቃል። ማታ ማታ ለሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይተኮሳል፤ በዚያ ሰሞን የአንድ ገበሬ ላም እንኳ ተመትታ አድራለች። ቀን ደግሞ ወረቀት የሌለው ሰው በድልድዩ አያልፍም። አንተነህ ቢያዝ የሚደርስበትን ለመናገር አፌ አልደፈረም። እሱም ቀኑን ሙሉ ከአልጋው ጀርባ ተቀምጦ ላቡን ይጠርጋል።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ነበሩ። ለጭነት መኪና ሾፌሮች ምግብና ጠላ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ነገር የማያበዙ ሴትዮ ናቸው። ስለ አንተነህ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። ከመጣ ወዲህ ግን ማታ ማታ የሚልኩልኝ እንጀራ በሁለት ጨምሯል።

አሁን ወደ ሌላው ጀርመናዊ ልምጣ። ሚስተር ቨርነር የምሥራቅ ጀርመን የትራክተር መካኒክ ነበር። የእርሻ ወቅት ሳይደርስ ማሽኖቹን ሊጠግንና የእኛን ልጆች ሊያሠለጥን ነው የመጣው። ጀርመንኛ የሚያውቅ ስላልነበረ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ይናገራል፤ እኔ እተረጉማለሁ። አንድ ቀን ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥቶ የአንድ ወፍራም ሰውዬ ሥዕል አሳየኝ። ፀጉሩ ተጠቅልሎ ትከሻው ላይ ወርዷል። በዚህ ዓመት ሰውየው ከተወለደ ሦስት መቶ ዓመት ይሞላዋል፤ በአገሬ ዓመቱን ሙሉ በዓል ነው፤ እኔ ግን እዚህ ብቻዬን ነኝ፤ አንድ ካሴት አለኝ፤ መጋቢት 12 ቀን ከከተማው ሰው ጋር ሆኜ ብሰማው ደስ ይለኛል አለኝ።

ሚስተር ቨርነርን ይዤ ሄጄ ነገሩን ለከተማው ካድሬ ለጓድ ታምራት ነገርኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ ዓይኑ በራ።

“የሁለቱ ሕዝቦች ወዳጅነት ማለት ይሄ ነው! አዳራሹ ጢም ማለት አለበት። ሚሊሻው በሙሉ ልብሱን አጥቦ ይገኛል። ወንዙ ላይ አንድ ሰው ይበቃል። ተርጉሚለት።”

ተረጎምኩለት። ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ግን አላስታውስም። ጆሮዬ ላይ የቀረው “አንድ ሰው ይበቃል” የሚለው ብቻ ነበር።

ዕቅዱን የያዝነው በዚያው ሌሊት በሹክሹክታ ነው። ዝግጅቱ በዘጠኝ ሰዓት ይጀመራል። ሚስተር ቨርነር የድምፅ ማጉያውን በትራክተር ባትሪ አዳራሹ በር ላይ ስለሚሰቅለው ሙዚቃው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። አንተነህ ሙዚቃውን እንደሰማ እንደ ሱዳን ነጋዴ ጀላቢያ ለብሶ በጓሮው አጥር ይወጣል። ከተማውን በማሽላው ቃርሚያ ማሳ በኩል ዞሮ ከሰሊጥ መጋዘኑ በታች ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ይደርሳል፤ አንዱ ጠባቂ ከድልድዩ በኩል ስለሚሆን እዚያ አያየውም። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ካሴቱ በሁለት ገጹ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስለዚህ ካሴቱ ሳያልቅ ከአዳራሹ ሰው መውጣት የለበትም። ከእኔ የሚጠበቀው ይኸው ብቻ ነበር።

በዋዜማው ጓድ ታምራት በዝግጅቱ ላይ የማነበውን ጽሑፍ አየው። ሚስተር ቨርነር ስለ ባለ ሹሩባው የነገረኝን ነው የጻፍኩት፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ሞቱበት፣ ብዙ ልጆች ወለደ፣ ብዙዎቹን ቀበረ፣ በመጨረሻ ዓይኑ ጠፋ። ዕድሜውን በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ኖረ፤ ድርሰቱን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ከግርጌው ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ የሚል ምልክት ያኖር ነበር። ጓድ ታምራት የመጨረሻውን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው።

“ይሄን ዝለይው። የጭቁኑ ሕዝብ ሙዚቀኛ ነበር በይና እለፊ።”

“እሺ ጓድ።”

ከዚያ ወጥቼ ቤት ስደርስ እትዬ ዘውዴ ከቀበሌው ሴቶች ጋር ስንዴና ሽምብራ ይቀቅላሉ። ለእንግዳው መስተንግዶ እንዲያዘጋጁ ታዘዋል።

“እትዬ፣ ንፍሮ ለምንድን ነው?”

“ምነው? ሙት ዓመት አይደል እንዴ?”

“ኧረ የተወለደበት ቀን ነው።”

“ሦስት መቶ ዓመት ሆኖታል አላልሽም? ሰውየው ሞቷል አልሞተም?”

“ሞቷል።”

“እንግዲያ ንፍሮ ነው” አሉና ማማሰላቸውን ቀጠሉ። አንዷ ሴትዮም ዕለቱ ሚካኤል ነው፣ መልካም ቀን ገጥሞለታል አለች። በእኛ አገር ሰው የሚዘከረው በሞት በተለየበት ቀን እንጂ በተወለደበት አይደለም፤ የተወለደበትንማ እናቱም በዘመነ እገሌ ብላ ነው የምታስታውሰው። ሳቅኩ። በዚያ ሳምንት የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መጋቢት 12 ሐሙስ ነበር። የመተማ ፀሐይ በመጋቢት ምሕረት የለውም፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ከላይ ይንጣጣል። ሰው ጢም ብሏል። ሁዳዴ ስለሆነ አብዛኛው እህል ውኃ ሳይቀምስ ነው የዋለው። ሚሊሾቹ ጠመንጃቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ፊት ለፊት ተደርድረዋል። ቆጠርኳቸው። ወንዙ ላይ የቀረው ካሴ የሚባለው የጎረቤት ከተማ የኮኪት ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሚስቱንና ልጁን እዚያው ኮኪት ትቶ የሚያገለግል።

ሚስተር ቨርነር ቁልፉን ተጫነ። ኦርጋን የሚሉት መሣሪያ ድምፅ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። አሁን አንተነህ ተነሣ፤ አሁን አጥሩን ዘለለ አልኩ በልቤ።

ሩብ ሰዓት ያህል ሰው በአግራሞት አዳመጠ። ከዚያ ማፏጨት፣ ማዛጋት፣ መቁነጥነጥ መጣ። ሊያንጎራጉር ቢል የሚከተለው ዜማ አጣ፤ ሊያጨበጭብ ቢል እስክስታ የለውም። ከኋላ አንድ ሰው “ይሄ ነገር በጾም ዘፈን አይሆንብንም ወይ?” አለ። አንዲት ሴትዮ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። ሁለት ተከተሏት። ከሚሊሾቹ አንዱ ዞሮ በሩን አየ። ጓድ ታምራትም ሰዓቱን ተመልክቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ይበቃል። አስቁሚውና ጽሑፉን አንብቢ። ከዚያ ሕዝቡን እናሰናብታለን።”

ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው። አንተነህ ገና ማሽላው ቃርሚያ ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ ወጥቶ ሲበተን ደግሞ ገሚሱ ቤቱ በዚያ በኩል ነው። ሚስተር ቨርነር ካሴቱን አቆመ። ተነሣሁ። ወላጆቹ እንደሞቱበት አነበብኩ፤ ሰዎቹ ወደ በሩ መሄዳቸውን ቀጠሉ። ስለ ልጆቹ አነበብኩ፤ ማን ሊሰማኝ። ቀዩ ሰረዝ ላይ ደረስኩ።

“ይህ ሰው” አልኩ፣ ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ፣ “ዕድሜውን ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል ነው የኖረው። አሁን የሰማችሁት ለዘፈን የተሠራ አይደለም። ድርሰቱን ሲጨርስ ክብር ለእግዚአብሔር ብቻ ብሎ ይፈርም ነበር።”

በሩ ጋ የደረሱት ቆሙ። ጓድ ታምራት ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱን የተናገርኩት ለእውነት ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ማቆያ ስላጣሁ ነው።

ከመካከል የዮሐንስ ቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ተነሡ።

“ልጀ፣ አገልጋይ ነበር ነው የምትይን?”

“አዎ አባቴ።”

“በዜማ?”

“በዜማ።”

“ምነው ታዲያ እስካሁን ዝም አልሽ! ይሄ ሰው እንደኛው መሪጌታ ነው። ተቀመጡ እናንተ! የአገልጋይ መታሰቢያ ሳይመረቅ ተነሥቶ ይኬዳል? አንችም ያን ነገር አስቀጥይው፤ እስኪያልቅ እንሰማለን።”

ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጓድ ታምራት ከንፈሩን ነከሰ፤ ሚስተር ቨርነር ግን እንባ አቅርሮ የመሪጌታን እጅ እየጨበጠ ስለነበር የእንግዳውን ደስታ ሊያፈርስ አልደፈረም። ሙዚቃው ቀጠለ። እትዬ ዘውዴና ሴቶቹ የጋገሩትን ዳቦና የቀቀሉትን ንፍሮ አስገቡ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏልና ጾመኛውም ተባረከለትና ቆረሰ። ተሳካ አልኩ በልቤ።

አልተሳካም ነበር። መሪጌታ ቁራሽ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ዙሪያውን ተመለከቱ።

“ዘብ ላይ የቀረ ልጅ አለ አይደል? የእሱ ድርሻ ይላክለት እንጅ።”

“ካሴ ነው፤ እኔ አደርስለታለሁ” አሉ እትዬ ዘውዴ። “ቅድም ሲያልፍ ድልድዩ ሐሩር ነው፣ ከመጋዘኑ በታች ግራሩ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ ብሎኛል።”

ከመጋዘኑ በታች። ወንዙ የሚታጠፍበት። ወንድሜን በገዛ አፌ የላክሁት ወደዚያ ነው።

“እኔ ልውሰድለት እትዬ” ብዬ ተነሣሁ።

ጓድ ታምራት ክንዴን ያዘኝ። “አስተርጓሚ ወዴት ትሄጃለሽ? ተቀመጪ። ዛሬ ያደረግሽውን ደግሞ በኋላ እንነጋገራለን።”

እትዬ ዘውዴ ትሪያቸውን በነጠላ ሸፍነው ወጡ። ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሙዚቃ አልሰማሁትም፤ ጆሮዬን የጣልኩት የተኩስ ድምፅ ይመጣ እንደሆነ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቆርቆሮው በሙቀቱ ቧ ሲል ዘልዬ ተነሣሁና ሚስተር ቨርነር ውኃ ሰጠኝ። ካሴቱ ተገለበጠ። እትዬ ዘውዴ አልተመለሱም። ወንድምሽን አደራ ያለችኝ እናቴ መልኳ እየመጣ ይደቀንብኝ ጀመር። ካሴቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እትዬ ዘውዴ ገብተው ባዶውን ትሪ ግድግዳ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ወደ እኔ አንዴም አላዩም።

መሪጌታ መረቁ። ሰው ተበተነ። ቤት ስገባ ክፍሌ ባዶ ነበር። እትዬ ዘውዴ ተከትለውኝ ገብተው በሩን ዘጉ።

“ወንድምሽ ተሻግሯል” አሉኝ።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አስነሥተው አልጋዬ ላይ አስቀመጡኝና ነገሩን ነገሩኝ።

እሳቸው ሲደርሱ ካሴ አንተነህን ይዞታል። እጁን ጭንቅላቱ ላይ አስደርጎ አሸዋው ላይ አንበርክኮታል፤ ጠመንጃውን ደግኗል፤ ሰው ለመጥራት ወደ ሰማይ ሊተኩስ ነው።

“ካሴ፣ የሙት ዓመቱን ድርሻ አምጥቸልሃለሁ” አሉት።

“እትዬ፣ ዞር ይበሉ! ከዳተኛ ይዣለሁ።”

“ያዘው፣ ማን ልቀቅ አለህ? ግን አንተም ጾምህን ነህ፣ እሱም ጾሙን ነው። ሰው እያየህ ብቻህን ልትበላው ነው?”

ዳቦውን ለሁለት ቆርሰው በአንድ ትሪ አቀረቡ። የሙት ዓመት ዳቦ አልፈልግም አይባልም፤ የተራበ ሰው ፊት ለብቻ መብላትም በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ይህን ኮኪት የተወለደ ሰው አያጣውም። በመጨረሻ ካሴ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ነፍስ ይማር ብሎ ጎረሰ። አንተነህም ጎረሰ። ከአንድ ትሪ ንፍሮ ሲያነሡ እጃቸው ይነካካ ነበር አሉ እትዬ ዘውዴ። ሲጨርሱ ካሴ እጁን በሱሪው ጠረገ።

“እንግዲህ አብሬው በላሁ” አለ። “አሁን እንዴት አድርጌ ነው የማስረው?”

“ልቀቀውና አላየሁም በል።”

“ኮቴው አሸዋው ላይ አለ እኮ። ዘብ ሲቀያየር ያዩታል፤ ልጁ ቢሻገር የሚረሽኑት እኔን ነው።”

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጠመንጃውን ግራሩ ላይ አስደግፎ፣ ኮፍያውን አፈሙዙ ላይ ሰቅሎ፣ “ና እንሂድ” አለው ወንድሜን። ሁለቱም ተሻገሩ።

ከሁለት ቀን በኋላ በዚያው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ባለ ሹሩባውን ያነሣው አልነበረም፤ ጓድ ታምራትም የእኔን ጉዳይ ረስቶ ወይም ትቶ የራሱን አንገት ለማዳን ይጮኻል፤ ዘቡን የቀነሰው እሱ ነውና። ካሴ ከዳተኛ ተባለ። ሚስቱም ከቀበሌ ሱቅ ስኳርም ሳሙናም እንዳታገኝ ሐሳብ ቀረበ። “የምትደግፉ!” ተባለ። እትዬ ዘውዴ አሞኛል ብለው ቀርተዋል። እኔ ግን ነበርኩ። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ የተነሣችው እጅ የእኔ ነበረች። ይውደም ሲባልም ጮኽኩ፤ ጎረቤቴ ጆሮውን እስኪይዝ።

በፋሲካ ማግስት አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከሱዳኗ ገዳሪፍ የቃል መልእክት አመጣልኝ። ወንድምሽ ደህና ነው፤ አብሮት ያለው ሰው ደግሞ ሚስቴ ኮኪት ናት፣ በሕይወት አለሁ ብለሽ ንገሪልኝ፣ ስለ ዳቦውም እግዜር ይስጥልን ብሎሻል አለኝ። ካሴ ስለ ስብሰባው አልሰማም ነበር።

ይህን መልእክት አሥራ አንድ ቀን ይዤው ተኛሁ። ለካሴ ሚስት ብነግራት ከየት ሰማሽ ትለኛለች፤ ከየት እንደሰማሁ ከታወቀ የአንተነህ ነገር ይወጣል፤ እትዬ ዘውዴም አሉ። ምክንያቱ ሁሉ ትክክል ነበር። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምክንያታችሁ ሁሉ ትክክል ሆኖ እንቅልፍ ካጣችሁ ምክንያታችሁን ሳይሆን እንቅልፋችሁን እመኑ። እኔ የተማርኩት ይህችን ነው። ያን ዕለት ወንድሜን በብልሃቴ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ብልሃቴማ ቀጥታ ወደ አፈሙዙ ነው የነዳው። ያዳነው እኔ የሳቅሁበት ንፍሮ ነው፤ አብሮ የበላውን ሰው ማሰር ያልቻለ ሚሊሻ ነው። እኔ ደግሞ ያንን ሰው አወገዝኩት። ከዚያ በኋላ በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ። እጄን ከማንሣቴ በፊት የሚፈረድበትን ሰው ቤት በዓይነ ልቦናዬ ሳላይ አንሥቼ አላውቅም፤ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከደረጃዬ ዝቅ ብያለሁ፤ አይቆጨኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የድርሻዬን ስኳር ቋጥሬ በጭነት መኪና ኮኪት ሄድኩ። ቤቷን ጠቆሙኝ። ከል ለብሳለች፤ ፀጉሯን ተላጭታለች። ደጇ ላይ ሰፌድ ይዛ ማሽላ ትለቅማለች፤ አጠገቧ ልጇ ተኝታለች።

“ምን ልታደርጊበት ነው?” አልኳት፣ ሌላ ቃል ስላጣሁ።

“አርባው ነው። አራት ቀን ቀርቶታል። ተኩሰው ወንዙ ውስጥ ጥለውት ነው የሚሆነው፤ እንዲያው በአጉል አይቅር ብየ።”

“አታውጪለት” አልኳት። “በሕይወት አለ። ገዳሪፍ ነው። ንገሪልኝ ብሎ ልኮኛል።”

ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አላለቀሰችም። ቀና ብላ ፊቴን አጠናችው።

“መምህርቷ አንች ነሽ?”

“አዎ።”

“ስብሰባው ላይ ቀድማ እጅዋን ያነሣችው?”

ዋሽቼ መመለስ እችል ነበር። በአካባቢው አስተማሪ እኔ ብቻ አልነበርኩም።

“እኔ ነኝ” አልኳት።

ቋጠሮውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ልጅቷን አቅፋ ተነሣችና ከበሩ ፈቀቅ አለችልኝ።

“ግቢ” አለችኝ፣ “ፀሐዩ ይመታሻል።”